ከመንገዱ ዳር ያጠፋናቸው ሰዎች

የጋለ አቧራ ሽታ ታውቃላችሁ? የተቃጠለ አይደለም፤ ሊቃጠል የተቃረበ ነው። በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የከረመ ብናኝ ማሽኑ ሲሞቅ የሚያወጣው፣ ከፕላስቲክና ከሽቦ ጋር ተቀላቅሎ ከአፍንጫ ይልቅ ጉሮሮን የሚይዝ ሽታ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ነጠላዬን ሳላወርድ፣ ገና ከሳሎኑ በር ላይ ሳለሁ ያ ሽታ ተቀበለኝ። የልጄ ባል ዳዊት ከአርባ ምንጭ መጥቶ እዚህ ደብረ ብርሃን የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው። ከጓደኛው ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ እንደ አልጋ ራስጌ ከሰፋ ስክሪን ጋር አገናኝቶ፣ የመኪና ውድድር ጌም ይዟል። «እማማ፣ ይምጡ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለኝ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። አየሁ። አስፋልቱ ዝናብ ጠግቧል። ከመኪናዋ መስታወት ላይ ጠብታው እየተንከባለለ ይወርዳል፤ የመብራቱ ቢጫ ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ ለመሳል ማሽኑ ስንት ጊጋ ራም እንደሚፈልግ፣ ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን የአንድ ጥሩ በሬ ዋጋ እንደሚያወጣ ነገረኝ። ከመንገዱ ዳርና ዳር ሰዎች ቆመዋል። የሁሉም ፊት ለየብቻው ነው። አንዱ ጃንጥላ ይዟል፤ አንዷ ልጇን አቅፋለች። «ድሮ እኮ ሰዎቹ ካርቶን ነበር የሚመስሉት» አለና ሳቀ። «ድሮ አልነበሩም» አልኩትና ወደ ውጭ ወጣሁ። ልጄ የደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ውሃ ይዛ በረንዳ ላይ ተከተለችኝ። ግፊት አልነበረም።

ያኔ ደብረ ብርሃን እንደ አሁኑ ፋብሪካ በፋብሪካ አልሆነችም። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡሩምባውን ሲነፋ ከተማው በሙሉ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር። ብርዱ ግን ያው ነው፤ ብርዱ አልተለወጠም። ወንዶቹ ከኮታቸው በላይ የመንዝ በርኖስ ይደርባሉ፤ ቢሮ የምንሠራ ሴቶች ደግሞ ከውስጥ ሹራብ፣ ከላይ ሹራብ ለብሰን፣ እንደ ጎመን ተጠቅልለን እንሄዳለን። በየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ኖሬ፣ የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ስልጠና ወሰድኩና፣ ከባለቤቴ ሞት በኋላ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ከፊት ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ገጹ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ እዚያ ጌም ይጫወቱበታል፤ ግማሽ ሰዓቱ አንድ ብር። ከጎኔ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ፣ በማሲንቆ የተዘፈነ ትዝታ ከጠዋት እስከ ምሽት ያንቆረቁራል። ከፊት ለፊት ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ጎን አረቄ ቤት። ከአረቄ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሁልጊዜ ትኩስ ገብስ ቆሎ በሲኒ እየሰፈረች የምትሸጥ ሴት ነበረች። አሁን ያ ቦታ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ስሄድበት በየት በኩል እንደነበርኩ እንኳ አይገባኝም።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን በሚመላለስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ሹፌር ነበር። አባታችን አንኮበር አጠገብ ባለች አጥቢያ ያገለገሉ ቄስ ነበሩ። ታደሰም በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ ነበር፤ መሪ ጨብጦ ቀረ እንጂ። ሰው «አባ ዝግታ» ይለዋል። የንቀት ስም አይደለም። የአንኮበርን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንደኛው ጎኑ ሜዳ፣ ሌላኛው ጎኑ ባዶ ነው። ከቆላው የሚነሳው ጉም ገደሉን ሲሞላው መሬት ያለ ይመስላል። በዚያ መንገድ ነፍሰ ጡር፣ በሽተኛ፣ ሽማግሌ ሁሉ የታደሰ ተራ እስኪደርስ ይጠብቃል። ሌላ መኪና ሞልቶ ሊወጣ ሲል «የለም፣ አባ ዝግታን እንጠብቃለን» ብለው የሚወርዱ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ እኮራ ነበር።

ተራው እስኪደርስ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ብርድ ላይ ይቆማል። አረቄ አይጠጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ አፍንጫው ቀልቶ፣ እጁን በብብቱ ወሽቆ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ቆሞ አየሁት። «ጋሼ፣ ና ግባ፤ እኔ ዘንድ ይሞቃል» ብዬ ጠራሁት። ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዱ ማሽን ባዶ ነበር። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ የመኪናውን ጌም ከፈትኩለት። እኔ ነኝ የከፈትኩለት። ቁልፎቹ ላይ ጣቱን ያስቀመጥኩለትም እኔ ነኝ።

«ይቺ ናት መኪና?» አለና ሳቀ። «ማርሽ የላትም እንዴ?»

ማርሽ አልነበራትም። ፍሬኑም ለስሙ ነው። በቀኝ እጅ አራቱን የቀስት ቁልፎች ይይዛሉ፤ በግራ እጅ ደግሞ «እሳት» የምንላትን ቁልፍ። እሳቷን ሲጫኗት ቀይዋ መኪና ከኋላዋ ሰማያዊ ነበልባል ተፍታ ትወነጨፋለች። እሳቱ ግን ዝም ብሎ አይገኝም። ከስክሪኑ ግርጌ ያለች ቀጭን መስመር መሙላት አለባት። መስመሯ የምትሞላው ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና ለጥቂት ታክኮ በማለፍ ነው። ይበልጥ በተጠጉት መጠን ይበልጥ ትሞላለች። የራስን መስመር ለቆ በሰው መስመር መንዳት ያሸልማል። ቢጋጩስ? ምንም። ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሳይጨርሱ መኪናዋ ጭረት ሳይነካት መንገዱ መሃል ቆማ ትገኛለች። ማንም አልሞተም፤ የተሰበረም የለም። ጨዋታው ይቀጥላል።

ማሽኖቼ ለዚያ ጌም ደካማ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸው ያገለገሉ ናቸው፤ ጌሙ የሚጠይቀውን ራም ግማሹን እንኳ አልያዙም፤ ግራፊክስ ካርድ የሚባለውም ከነጭራሹ አልነበራቸውም። መጀመሪያ ሲጫን መኪናዋ እንደ አንካሳ ፈረስ እየተንገራገጨች ትሄድ ነበር። ጌሙን የጫነልኝ የኮምፒውተር ጠጋኝ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ ይቀንስ ጀመር። ጥላውን አጠፋ። ዝናቡን አጠፋ። ዛፎቹን አጠፋ። ሩቁ መንገድ እንዳይሳል አደረገ፤ ስለዚህ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ያለው ሁሉ ግራጫ ጉም ሆነ፤ ከፊት የሚመጡት መኪኖች ከዚያ ጉም ውስጥ ድንገት ዱብ ይላሉ። አሁንም ትንሽ ይጎትት ነበር። «የመንገድ ዳሮቹን ሰዎች ላጥፋቸው?» አለኝ። «ይጥፉ» አልኩት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ እንደ ቅቤ ትንሸራተት ጀመር።

ታደሰ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ራሱ ነበር የሚነዳው። ቀኙን ይዞ፣ ኩርባ ላይ ፍጥነት ቀንሶ። ሁልጊዜ መጨረሻ ይወጣል። ተጫዋቾቹ ሳቁበት። ሰው በሥራው ሲስቁበት መቻል ከባድ ነው፤ በተለይ ጎልማሳ ለሆነ፣ ስሙን በዚያ ሥራ ላተረፈ ሰው። በሁለተኛው ሳምንት ከፊት የሚመጡት መኪኖች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት እንደሚመጡ አስተዋለ። ከጉሙ የትኛዋ መኪና በየትኛው ኩርባ እንደምትወጣ በቃሉ ያዘ፤ መዝሙረ ዳዊት እንደ ደገመ ተማሪ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልቻለውም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ነበር የሚመስለው። ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ ከጀርባው ቆመው ያዩታል። መኪናዋ በጭነት መኪና ጎን ፀጉር ሲቀራት ስትሾልክ ቤቱ «ወይኔ!» ብሎ ይጮሃል። እኔም ከፊት ሆኜ ማመልከቻ እየጻፍኩ ያንን ጩኸት ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

በኋላ አዲስ ግራፊክስ ካርድ አስመጣሁ። የጠየቀኝ እሱ ነው። «ሙሉዬ፣ ጉሙ አስጠላኝ፤ መንገዱን አርቄ ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ። ካርዱ ሲገባ ጉሙ ገለል አለ፤ ሰማይ መጣ፤ ተራራ መጣ። ያጠፋናቸው ሰዎችም ከመንገዱ ዳር ተመልሰው ቆሙ። ታደሰ መጀመሪያ ሲያያቸው ደንግጦ ሸሸ፤ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አጥር ጋር አጋጫት። ተጫዋቾቹ «ግድ የለም፣ ሂድባቸው፤ አይገጩም» አሉት። እውነትም አይገጩም። መኪናው ሲጠጋቸው ሁሉም እንደ ፌንጣ ዘለው ገለል ይላሉ፤ ካለፈ በኋላ ተመልሰው ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። በማግስቱ ታደሰ ሆን ብሎ ወደ እነሱ ይነዳ ነበር። ሲዘሉ ያስቀው ነበር።

ረዳቱ በቀለ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በቀለ ከእኔም ከታደሰም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ማመልከቻ የሚያስጽፍ መስሎኝ ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም።

«እቴ ሙሉ፣ ወንድምሽን አንድ ነገር በይው» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ትናንት ከአንድ አይሱዙ ጋር መስታወት ለመስታወት ተሳሳምን። ሰውየው ክላክሱን እያንባረቀ አለፈ። ታደሰ ሳቀ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ መሪ ይዞ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሳምንት ቤቴ ሞልቶ ነበር፤ የሞላውም በእሱ ነው። ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ። ሲጫወት ከመጋረጃው ሥር እግሩ ይታየኛል፤ ቀኝ እግሩ ሲሚንቶውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይይዘዋል። ያን እያየሁ ፊቴን ወደ ወረቀቴ እመልስ ነበር።

የአባታችን ሰባት ዓመት ተዝካር ደረሰ። አንኮበር እናቴ ዘንድ ልሄድ በጠዋት ከታደሰ ጎን፣ ከፊት ወንበር ላይ ተሳፈርኩ። ከኋላችን አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርዱ ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ ነጋዴ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሌሎችም ብዙ ሰዎች ነበሩ። «በአባ ዝግታ ነው የምንሄደው፤ አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሐጂ ሰዒድን ሰማኋቸው። እስከ ግማሹ መንገድ ደህና ሄድን። ከዚያ ጉሙ ያዘን። እንደዚያ ያለ ጉም ላይ ታደሰ መስኮቱን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚነዳው። ያን ቀን መስኮቱን አልከፈተም። ፍጥነቱን አልቀነሰም። ቀስ ብሎ ወደ ግራው መስመር ሲገባ ተሰማኝ። ዞሬ አየሁት። ፊቱ ሰላም ነበር። የግራ እጁ አውራ ጣት መሪው ላይ የሌለች ቁልፍ ትጫናለች፤ ትለቃለች፤ ትጫናለች።

«ጋሼ» አልኩት።

አልሰማኝም።

«ጋሼ፣ በግራ ነህ!»

መብራቱን ያየሁት ያኔ ነው። የጭነት መኪና ነበር። ከጉሙ ዱብ አለ። ታደሰ መሪውን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ቆረጠው፤ አንዳች ነገር ጓ አለ፤ የጎን መስታወታችን ተገንጥሎ ሄደ። ሕፃኑ ጮኸ። ሐጂ ሰዒድ ከኋላ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ። በቀለ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ታደሰ ወደ እኔ ዞር አለና «አየሽ?» አለኝ። «አየሽ፣ በስንት እንዳለፍኩት?»

«አቁም» አልኩት። «በእናትህ፣ አቁም።»

ከጉሙ ወጣን። ፀሐይ ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ባዶ፣ የገብሱ ማሳ ከሁለት ወገን ቢጫ ነው። ተረፍን አልኩ። አሁንም በግራው መስመር ላይ እንደሆንን ልብ አላልኩም። ከመንገዱ ግራ ዳር አንድ ሰው ሁለት በጎች እየነዳ ወደ እኛ ይመጣል። ነጭ ጋቢ ለብሷል። እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ስለ ድምፁ አልጽፍም። ቅጥቅጡ ከማሳው ጫፍ ገብቶ ቆመ። በቀለ ዘሎ ወረደ፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወረደ። ታደሰ አልወረደም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱን ያያል። አያለቅስም፣ አይንቀጠቀጥም። ሰው ሲጠብቅ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነበር። ይጠብቅ ነበር። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። «ጋሼ፣ አይመለስም» አልኩት። «ይኸ አይመለስም፤ ውረድ!» በጥፊ መታሁት፤ ታላቅ ወንድሜን። ያኔ ከአፉ ድምፅ ወጣ።

ሐጂ ሰዒድ ጥምጥማቸውን ፈትተው የሰውየውን እግር ከጉልበቱ በላይ አስረውት ነበር። «ወላሂ ይተርፋል! አንሡት፣ ቀስ ብላችሁ አንሡት!» ይላሉ። ተረፈ። ደግፌ ይባላል፤ የዚያው አካባቢ ገበሬ ነው። እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ትራፊክ ፖሊሱ ሁላችንንም ጠየቀን። በቀለ መጀመሪያ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ «ጉም ነበር» አለ። እኔም «ጉም ነበር» አልኩ። ከኋላ የነበሩትም የሚያስታውሱት ጉሙን ነው። ታደሰ ምንም አልተናገረም። ለጊዜው በዋስ ተለቀቀ።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካንና ዳቦ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ደግፌ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ዕድሜው ከታደሰ ትንሽ ይበልጣል፤ ፊቱ በብርድና በፀሐይ የጠቆረ፣ ጥርሱ ነጭ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ሚስቱ ፊቷን አዞረች፤ እሱ ግን ወንበሩን በእጁ አሳየኝ።

«ከፊት የነበርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ሆኖ ነው?»

«ጉሙ ነው፣ ጋሽ ደግፌ» አልኩት። «ጉሙ ነው ያሳሳተው።»

ብርድ ልብሱን አየ። እግሩ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ነበር።

«ጉሙማ ከበታች ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የነበርኩበት ፀሐይ ነው። ከጉሙ ስትወጡ ጀምሮ አይቻችኋለሁ። አባ ዝግታ ነው አልኩ። እኔን እንኳ ስንቴ ከእነ በጌ ጭኖኛል። ወደ እኔ ዳር ሲመጣ ሰላም ሊለኝ፣ አንድ ነገር ሊለኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁለት።»

ብርቱካኑን አልጋው ጫፍ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሽማግሌዎች በተሰበሰቡ ቀን ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥድ ሥር ተቀመጥን። ከአንድ ወገን የጋሽ ደግፌ ዘመዶች፣ ከአንድ ወገን የኛ። እናቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታለች። ነገሩ ወደ መልካም እያመራ ነበር፤ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ጉም ማንንም ያሳስታል፣ ታደሰ እንደሆነ ስሙ የታወቀ ነው እየተባለ። መሪ ሽማግሌው «እህት የምትጨምሪው አለ?» ሲሉኝ የለም ልል ተነሳሁ። ጋሽ ደግፌ በቃሬዛ ተጋድሞ ያየኛል። አንድም ቃል አልወጣውም። ቢናገር ኖሮ ዝም እል ነበር ይመስለኛል።

«ጉም አልነበረም» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጌሙ፣ ስለ እሳቷ ቁልፍ፣ በሰው መስመር መንዳት እንደሚያሸልም፣ በቀለ እንዳስጠነቀቀኝና እኔ እንዳልተናገርኩ። በአማርኛዬ መናገር እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ ጆሯቸውን በእጃቸው አቅንተው «ልጄ፣ አልገባኝም። ሰው እንዴት ብሎ በጨዋታ ሰው ይገጫል?» አሉ።

ታደሰ ተነሳ። «እውነቷን ነው» አለ። «ጉም አልነበረም።» ከኮቱ ኪስ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ሰንበት እንኳ አላለም፤ በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ታሰረ። እናቴ «በገዛ አፍሽ ወንድምሽን ሸጥሽው» አለችኝና ሁለት ፋሲካ ሙሉ አላናገረችኝም። ስንቅ ይዤ ስሄድ ታደሰም ስንቁን ይቀበላል እንጂ ዓይኔን አያይም።

ቤቱን ዘጋሁ። ማሽኖቹን የገዛኝ ከመዘዞ የመጣ ሰው ነው፤ እዚያ ጌም ቤት ሊከፍት። «የመኪናዋ ጌም አለችበት?» አለኝ። «አጥፍቻታለሁ» አልኩት። «ግድ የለም፣ በሁለት ደቂቃ እጭናታለሁ» አለ። ሦስቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ተጠንቅቆ መኪና ላይ ሲጭናቸው በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ብዙ ዓመት ሰው «መዘዞ» ባለ ቁጥር ከዚያ የተሰማ የመኪና አደጋ እንዳለ እጠይቅ ነበር።

ታደሰ ሲፈታ ወደ ከተማ አልተመለሰም። ጋሽ ደግፌ በአንድ እግሩ ሞፈር መያዝ አይችልም፤ ልጆቹ ደግሞ ገና አልደረሱም። ታደሰ ሄዶ ደጁ ላይ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ማሳውን የሚያርስለት፣ ገብሱን የሚያጭድለት፣ ባቄላውን የሚወቃለት እሱ ሆነ። ልጆቹ አድገው «ጋሽ ታደሰ፣ አሁንስ ይበቃል» ቢሉትም አልተወም። መኪና ላይ ዳግመኛ አልወጣም፤ ተሳፋሪ ሆኖ እንኳ። እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን በእግሩ ነው፤ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ ይገባል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳን።

አምና ጋሽ ደግፌ አረፈ። በደዌ ነው፤ ዕድሜውን ጠግቦ። ቀብሩ ላይ ታደሰ ከልጆቹ እኩል ቆሞ አለቀሰ። ከቀብር መልስ እኔና እሱ በእግር አብረን ሄድን። ፀጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቷል። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ቀጥ ያለ ነው፤ መኪኖቹ ይበርራሉ። ድንገት ሳልጠይቀው ተናገረ።

«አይቼው ነበር፣ ሙሉዬ።»

«ማንን?»

«ደግፌን። ሁላችሁም አላየውም ትሉ ነበር። ዳኛውም፣ ሽማግሌዎቹም፣ አንቺም። ከሩቅ ነው ያየሁት። ጋቢውን፣ በጎቹን፣ እጁን ሲያነሳ። እንዴት ጥርት ብሎ ይታያል አልኩ በልቤ። ከዚያ…» ቆመ። «ይዘላል ብዬ ጠበቅሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ ይዘላል ብዬ ጠበቅሁ።»

«ለእሱ ነግረኸዋል?»

«በየዓመቱ እርሻ ስጨርስ ልነግረው እነሳለሁ። ጠላ ይቀዳልኛል፤ ስለ ዝናቡ ያወራኛል። እቀመጣለሁ።»

ከኋላችን መኪና እየመጣ ነበር፤ ድምፁ ገና ሩቅ ነው። ታደሰ ክንዴን ይዞ ከአስፋልቱ አወረደኝ፤ ከአስፋልቱም አልፎ ቦዩን አሻግሮ ማሳው ውስጥ አስገባኝ። እዚያ ቆመን ጠበቅን። መኪናው መጣ፤ ቀኙን ይዞ፣ በደህና አለፈ። ድምፁ ከጆሯችን ጠፋ። ወንድሜ ክንዴን አልለቀቀም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

«ትንሽ እንቆይ» አለኝ። «ሌላ ይኖራል።»